እሳት ያነጠፈው አገር በብስክሌት ሲታይ

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር ለሚወጣ ሰው መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሚኒባስ የሄደ እንደሆነ ብዙም ሳይቆይ ይደርሳል። ምን አየህ ተብሎ ቢጠየቅ ግን፣ «ዳገት ነው፤ ጥምዝምዝ ነው፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ሲያንኮራፉ ነበር» ከማለት በቀር የሚጨምረው የለውም። በብስክሌት የወጣው ሰው ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ነገር ግን ድንጋዩ የት ላይ እንደሚጠቁር፣ የት ላይ እንደሚቀላ፣ ነፋሱ በየትኛው መታጠፊያ እንደሚመታ፣ የሚጠጣ ምንጭ የት እንዳለ ሊናገር ይችላል። ዳገቱንም የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጉልበቱ ነው።

እንግዲህ ይህ ጉልበት የሚፈትን ዳገት ከምን ተሠራ? መልሱ ባጭሩ ከእሳት ነው የሚል ነው። ነገሩን ከሜዳው እንጀምር።

ወረታ የፎገራ ሜዳ ላይ ትገኛለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነው። ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ብስክሌት ነጂው ሳይጨነቅ ፔዳሉን ይመታል። አፈሩ ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በክረምት ደግሞ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ የሞከረው ሰው ያውቀዋል፤ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞሩን ያቆማል። ያን ጊዜ ሰው ብስክሌቱን መጋለቡ ይቀርና ብስክሌቱ ሰውን ይጋልበዋል፤ ተሸክሞት ይሄዳልና።

ይህ ሜዳ እንዲህ የተዘረጋው ያለ ምክንያት አይደለም። ከብዙ ዘመን በፊት በዛሬዋ ባሕር ዳር በኩል ከመሬት ውስጥ የወጣ ቅልጥ ዐለት ፈስሶ የውሃውን መውጫ ዘጋው። ውሃውም ተኛ፤ ጣና ሐይቅ ሆነ። ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች ደግሞ በየክረምቱ ደለል እያመጡ ከሐይቁ ዳር ያራግፋሉ። የፎገራ ገበሬ ዛሬ ሩዝ የሚዘራበት አፈር ከደጋው ታጥቦ የወረደ ነው። ደገኛው የጠፋበትን አፈር ፍለጋ ቢወርድ እዚህ ያገኘዋል። ይዞት የሚመለስበት መንገድ ግን የለም።

ሜዳው አልቆ ዳገቱ ሲጀምር፣ መንገድ ሠሪዎች ተራራውን የቆረጡበትን ግድግዳ ተመልከቱ። ለመመልከት ጊዜ አለ። ዳገት ላይ ብስክሌት ከእግረኛ እምብዛም አይፈጥንም እኮ! ግድግዳው አንድ ወጥ አይደለም። ከታች ወፍራም ጥቁር ድንጋይ አለ፤ በላዩ ስስ ቀይ አፈር የመሰለ መሥመር ይታያል፤ ከዚያ በላይ እንደገና ጥቁር ድንጋይ ይመጣል። እንጀራ መሶብ ውስጥ እንደሚደራረብ ያለ ነው።

እያንዳንዱ ጥቁር ድርብርብ አንድ ጊዜ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት ነው። ከፈሰሰ በኋላ በረደና ጠጠረ። ዝናብ ዘነበበት፣ ፀሐይ አከሰለው፣ ላዩ አፈር ሆነ፣ ሣርም በቀለበት። ከብዙ ዘመን በኋላ ሌላ ቅልጥ ዐለት መጥቶ ያንን አፈር ሸፈነው፤ በሙቀቱም ጠበሰው። ሸክላ ሠሪ ጭቃውን በእሳት ስትተኩስ ጭቃው እንደሚቀላ ማለት ነው። ቀዩ መሥመር እንግዲህ የጥንት ማሳ ነው ብንል ነገሩን ያቀርብልናል፤ ያረሰው ሰው ግን አልነበረም። ሰው ገና አልተፈጠረም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ የሆነው መቼ ነው? የመሬትን ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት የሰሜኑን ደጋ ያነጠፈው ቅልጥ ዐለት የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው ይላሉ። አብዛኛው የወጣውም በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው። ከአንድ ተራራ ጫፍ የፈነዳ አይደለም። መሬት በረጅሙ ተሰንጥቆ፣ ከስንጥቁ እየፈላ ወጥቶ አገሩን አለበሰው። በአንዳንድ ቦታ የድርብርቡ ውፍረት ሁለት ኪሎ ሜትር ይደርሳል። 30 ሚሊዮን የሚለው ቁጥር ለማሰብ ያስቸግራል። ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት እስከ ዛሬ ያለው ጊዜ ወደ 200 ሺህ ጊዜ ያህል ቢደጋገም ነው እዚያ የሚደረሰው።

አልፎ አልፎ ጥቁሩ ድንጋይ ጠራቢ ጠርቦ ያቆመው ይመስል ምሰሶ ምሰሶ ሆኖ ይታያል። ብዙዎቹ ምሰሶዎች አምስት ወይም ስድስት ጎን አላቸው። ጠራቢ የለም። ቅልጥ ዐለት ሲበርድ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ይሰነጠቃል። ታች ፎገራ ላይ ያየነው ዋልካ በበጋ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው በዚሁ ሕግ ነው። በዚህኛው መንገድ ላይ ባይሆንም፣ ከአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር ሲሄዱ የሚታየው አሞራ ገደል የሚባለው ቀጥ ያለ ዐለትም ከዚሁ ዘር ነው። እሳተ ገሞራው ሲሞት በጉሮሮው ውስጥ የቀረው ቅልጥ ዐለት ጠጠረ። በዙሪያው የነበረው ለስላሳ ድንጋይ በውሃና በነፋስ ተበልቶ ሲያልቅ ጉሮሮው ብቻውን ቆሞ ቀረ።

ደብረ ታቦር 2700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነች። ከወረታ እዚህ ድረስ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ተወጥቷል ማለት ነው። ብርዱም ከሜዳው በአምስት ወይም በስድስት ዲግሪ ይበልጣል። ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚታየው ሰፊ ተራራ ጉና ነው፤ ከፍታው ከ4100 ሜትር ይበልጣል። ጉና ግን ሲያዩት አያስፈራም። እንደ ሰሜን ተራሮች ጥርስ የለውም። በዝግታ ከፍ ብሎ በዝግታ ዝቅ የሚል ነው። ሊቃውንቱ የዚህን ዓይነት ተራራ ከጋሻ ጋር ያመሳስሉታል። እውነትም ጋሻ በደረቱ መሬት ላይ ተደፍቶ ሲታይ እንዲህ ነው። ጉና የዛሬ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ያ ሰፊው ደጋ ከተነጠፈ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ራሱን ችሎ የነደደ እሳተ ገሞራ ነበር። ቀጭን ቅልጥ ዐለት እየፈሰሰ ራቅ ብሎ ስለሚሄድ ተራራው ሾጣጣ ሳይሆን ሰፊ ሆነ። ዛሬ እሳቱ ጠፍቷል። በላዩ ጓሳና ጅብራ በቅሏል፤ ዝቅ ሲል ገብስና ድንች ይዘራበታል። የዝናብ ውሃ በተሰነጣጠቀው ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ በየግርጌው ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ብስክሌት ነጂው ኮዳውን የሚሞላው ከዚህ ነው።

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ፣ በጉና ግርጌ የምትገኝ አንዲት ከተማ ክምር ድንጋይ ትባላለች። ስሙን ያወጣው ሰው የመሬት ጥናት አልተማረም፤ ግን አልተሳሳተም። በዚያ አካባቢ አህዮች የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ብስክሌቴን ዞር ዞር ብለው አዩና፣

«ልጄ፣ ይህ ብረት ሲበላ አይታይም። ምን ሰጥተኸው ነው ዳገቱን የሚወጣው?» አሉኝ።

«አባቴ፣ የሚበላውስ እኔን ነው» አልኳቸው። ሳቁና ከአገልግላቸው ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ።

ቀልዱ እውነት አለው። ብስክሌት ነዳጅ የለውም፤ የሚንቀሳቀሰው በነጂው እህል ነው። ማርሽ ያለው ብስክሌት የነጂውን ጉልበት አይጨምርም። ሥራውን በትንሽ በትንሹ ይከፋፍልለታል እንጂ። ዳገት ላይ ካቴናው ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን ጥርስ እንዲይዝ ይደረጋል። ያን ጊዜ እግር ብዙ ይዞራል፤ ጎማው ግን ጥቂት ይሄዳል። አንድ ኩንታል እህል በአንድ ጊዜ ከመሸከም በቁና በቁና ማመላለስ እንደሚቀልለው ነው። ማርሽ የሌለው ብስክሌት የያዘ ሰው ይህ ዕድል የለውም። ወርዶ ቢገፋ አይታፈርበትም። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄድ የለ!

የደጋው አየርም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በደብረ ታቦር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ከቆላ የመጣ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ልቡ ይመታል። ጥቂት ቀን ቢቆይ ሰውነቱ ይለምደዋል። በዓለም የታወቁ የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ይህን ለምድ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳሉ። በስፔን ግዛት በቴኔሪፌ ደሴት ላይ ቴይዴ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ፤ እዚያ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሰፍረው ይለማመዳሉ። የደብረ ታቦር ልጅ ዳቦ ሊገዛ ሲላክ ከዚያ ከፍ ባለ ቦታ ነው ብስክሌት የሚነዳው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ ገረመው ደንቦባ በመንገድ ብስክሌት ውድድር 24ኛ ወጥቷል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙር ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሁለቱም የደጋ አየር ያሳደጋቸው ናቸው።

ስለ መንገዱም ማወቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ ድንጋይ ላይ መንገድ ማውጣት ቀላል ሥራ አልነበረምና። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ። ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደብረ ታቦርን ለቀው መድፉን በሠረገላ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ ስላልነበረ መንገዱ እየተሠራ ነበር የሚጓዙት። ጋይንትን አቋርጠው፣ በዋድላና በደላንታ አድርገው፣ የበሽሎን ገደል ወርደውና ወጥተው መቅደላ ለመድረስ ወደ ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። ዛሬ በጉና ትከሻ ዳገቱ ሲከብደኝ ያ ሰባት ቶን ትዝ ይለኛል። የእኔ ብስክሌት 15 ኪሎ አይሞላም።

አሁን ያለው ከወረታ እስከ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ የተከፈተው በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ነው። የሠሩት ቻይናውያን ስለሆኑ ብዙ ሰው እስካሁን የቻይና መንገድ ይለዋል። ለረጅም ጊዜ ጠጠር ነበር፤ አስፋልት የለበሰው በኋላ ነው። በጠጠሩ ዘመን አንድ የጭነት መኪና ሲያልፍ አቧራው ለግማሽ ሰዓት አይወርድም ነበር። አስፋልቱ አቧራውን አጠፋ፤ መኪናውን ግን አፈጠነው። ስለዚህ ዋናው መንገድ ባዶ ነው ብሎ የሚነግራችሁን አትመኑ። ጸጥታ የሚገኘው ጎሕ ሲቀድ ነው። ደግሞም ከዋናው መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚገነጠሉት ጠጠር መንገዶች ላይ ነው። በእነዚያ ላይ ሰዓታት ሙሉ ሲሄዱ የሚሰማው የካቴናው ድምፅ፣ የእረኛ ፉጨትና የራስ ትንፋሽ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ለሰው በሚል ስም በ2011 ዓ.ም. በወር አንድ እሑድ መንገድ ለመኪና እየተዘጋ ሕዝብ እንዲሄድበት ተደርጎ ነበር። የጋይንትና የእስቴ ገጠር መንገድ ግን በአዋጅ አልተዘጋም፤ ከጥንትም የእግረኛና የአህያ ነው።

ታዲያ ይህ ጸጥታ ራሱ አደጋ አለው። ብስክሌት ድምፅ የለውም። ከኋላ ድንገት ሲደርስ አህያ ይደነብራል፤ ጭነቱ ይወድቃል። በበቅሎ የተቀመጠ ሰው ሲመጣ ወርዶ መቆም ነው። በቅሎዋ ጎማ አይታ ካፈገፈገች ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ደወል ከመደወልም ከሩቅ ድምፅን ከፍ አድርጎ «እንደምን ዋላችሁ» ማለት ይሻላል። ሰላምታ የሰማ ሰው ዞር ብሎ ከብቱን ይይዛል፤ ደወል የሰማ ግን ደንግጦ ወደ መሐል መንገድ የሚዘልበት ጊዜ አለ። የእረኛ ውሻ ከመጣም መሮጥ አያዋጣም። ከብስክሌቱ ወርዶ ብስክሌቱን በራስና በውሻው መካከል አድርጎ በዝግታ መራመድ ነው። ውሻው የሚጠላው ሩጫውን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ሌላም ዓይነት ጸጥታ አለ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነት እስከ ነፋስ መውጫና እስከ ደብረ ታቦር አካባቢ ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ የተዘጋባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። ያን ጊዜ መኪና የለም፤ አህያም የለም፤ ገበያተኛም የለም። የዚያን ዓይነቱን ባዶ መንገድ የሚመኝ ብስክሌት ነጂ የለም። ስለዚህ ከመነሣት በፊት የአገሩን ሰው መጠየቅ የመጀመሪያው ዝግጅት ነው። ገበያተኛ እየወጣ ከሆነ እናንተም ውጡ። ገበያተኛው ከቤቱ ከዋለ እናንተም ዋሉ።

ሁለተኛው ዝግጅት ፍሬን ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው። ዳገት ግን ያደክማል እንጂ ሰው አይገድልም። ቁልቁለቱ ነው የሚገድለው። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወረድ ያ 900 ሜትር ሽቅብ የተከፈለበት ጉልበት ሁሉ ተመላሽ ይሆናል፤ ፍጥነት ሆኖ ይመጣል። ፍሬን የሚሠራው ፍጥነትን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ያለማቋረጥ ከተያዘ ቸርኬው ይግላል፤ የፍሬኑ ላስቲክም ይለሰልስና መያዙን ይቀንሳል። ስለዚህ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ማድረግ ነው። የፊቱን ብቻ ድንገት የጨበጠ በማኑብሪዮው ላይ አልፎ ይወድቃል። የኋላውን ብቻ የያዘም ብስክሌቱ ይንሸራተትበታል። ሁለቱንም አስተባብሮ መያዝ፣ ያውም መታጠፊያው ላይ ሳይሆን ከመታጠፊያው በፊት። ዝናብ በዘነበ ጊዜ ቸርኬው እርጥብ ስለሆነ ፍሬኑ ዘግይቶ ነው የሚይዘው፤ ያን ጊዜ ገና ከሩቅ መጀመር ያስፈልጋል።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት የኋላው ፍሬን ሽቦ ሁለት ሦስት ክሩ ተበጥሶ አየሁት። «ለዛሬ ይበቃኛል» አልኩ። ሽቦው ከጎሚስታው ዘንድ ነበር፤ ዋጋውም የሚያስጨንቅ አልነበረም፤ ስንፍና ብቻ ነው። ከግማሽ መንገድ በኋላ አንድ መታጠፊያ ላይ ጨብጬ ስይዘው ጭራሽ ተበጠሰና ባዶ ሆነ። ከፊቴ እህል የጫኑ አምስት አህዮች መንገዱን ሞልተውታል፤ ከኋላቸው አንዲት ልጅ አለች። ወደ ግራ ገደል ነው፤ ወደ ቀኝ የውሃ ቦይ ነው። ቦዩን መረጥኩ። ጉልበቴና ክርኔ ተላጠ፤ የፊቱ ቸርኬ ተጣመመ። ልጅቱ ሮጣ መጥታ አነሣችኝ። «ጋሼ፣ ለምን አልጮኹም?» አለችኝ። መጮሁ ትዝም አላለኝም ነበር። ብስክሌቱን ተሸክሜ በእግሬ እስከ ዓለም በር ወረድኩ። በዚያ ቀን ያን ጥቁር ድንጋይ ከመቼውም ይበልጥ በቅርብ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት የፍሬኑን ሽቦና ላስቲክ እዩ። ጎማው ጠንከር ብሎ ይነፋ። ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ፖምፓና ማስቲሽ ያዙ። ጥቁሩ ድንጋይ ሲፈለጥ ስለታም ነው፤ በጠጠሩ መንገድ ላይ ጎማ መቅደዱ አይቀርም፤ ጎሚስታ ደግሞ በየገጠሩ የለም።

ከክምር ድንጋይ አልፎ ወደ ነፋስ መውጫ የሚቀጥል ሰው 3000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው የሚጓዘው። ዛፉ ይሳሳል፤ ሰማዩ ይሰፋል። ነፋስ መውጫም ስሟን የምትሸከመው በከንቱ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል፤ ፊት ለፊት የመጣ እንደሆነ ቁልቁለት ላይ ሳይቀር ፔዳል ያስመታል። የአገሩ ብስክሌተኞች በጠዋት ሄደው ነፋሱ ሳይነሣ መግባት የሚመርጡት ለዚህ ነው። ብርዱን ለመከላከል ወፍራም ሹራብ ይበቃል። ጋቢ ከፈለጋችሁ ግን ጫፉን በደንብ አጣፍታችሁ በመቀነት እሰሩት። አለዚያ ካቴናው ይጎርሰዋል፤ ከካቴና አፍ ጋቢ ማውጣት ደግሞ መሐል ዳገት ላይ ቆሞ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ እጁም ጋቢውም በግራሶ ይጠቁራል።